የአገጭ ኪሎ ሜትር

ጋምቤላ ተቀምጬ ስልኬን ጠየቅኩት፤ ከዚህ አሶሳ በአየር ስንት ነው? «210 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የግማሽ ሰዓት በረራ» አለኝ። እሰይ፣ ለቁርስ እደርሳለሁ! ትኬት ቆራጯ ግን ቀና እንኳ ሳትል «በአዲስ አበባ በኩል ነው» አለችኝ።

ካርታ ያየ ይፍረደኝ። ሁለቱም ምዕራብ ጠረፍ ላይ ናቸው፤ አሶሳ ከጋምቤላ ራስጌ፣ በአንድ ክር እንደተሰቀሉ። አዲስ አበባ ከሁለቱም በስተምሥራቅ 475 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ሄጄ ስመለስ 950። የስልኬ ግማሽ ሰዓት ለማን እንደሆነ እንጃ። ለአሞራ ይሆናል።

የገጠር ሰው ብጠይቅ እንዲህ አልታለልም ነበር። መንገድ ስትጠይቁት መጀመሪያ አገጩን ነው የሚያነሳው። «እዚችው ናት» ካለ ግማሽ ሰዓት ነው። «እዚያ ማዶ» ካለ ስንቅ ያዙ። «እዚያያያ ማዶ» ብሎ ድምፁን ካቀጠነው ደግሞ ማደሪያ ፈልጉ። ድምፁ ወደ ላይ ከወጣ ዳገት አለ፤ መሐል ላይ ከተሰበረ ወንዝ። አንድ ጊዜ መንገድ የጠየቅናቸው ሽማግሌ «እዚያ» ማለት ጀምረው ትንፋሽ አጠራቸው፤ አረፍ ብለው ቀጠሉ። እኛም መንገድ ላይ አደርን። በሳተላይት የሚለካ ሁሉ እንዲህ ልክ ነግሮኝ አያውቅም።

አዲስ አበባ ላይ ስድስት ሰዓት ስጠብቅ ግን ቀልዱ ጠፋብኝ። አጤ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት መሠረት ጋምቤላ የወንዝ ወደብ ሆና፣ ክረምት ባሮ ሲሞላ በመርከብ ካርቱም ይደረስ ነበር። ካርቱም! ዛሬ አሶሳ ለቅሶ የሚደርስ የጋምቤላ ሰው ግን መጀመሪያ መሐል አገር ሄዶ እጅ መንሳት አለበት። ጎረቤት ከጎረቤቱ የሚገናኘው በጌታው ደጅ በኩል ነው እንዴ? ማነው ይህን መንገድ የቀየሰው፣ እሱስ እዚህ ወንበር ላይ ስድስት ሰዓት ተቀምጦ ያውቃል?

ጮክ ብዬ ተናግሬው ኖሯል። «ልጄ፣ በአውሮፕላን እየሄድክ ታማርራለህ?» አሉኝ አጠገቤ የተቀመጡ እናት። አፈርኩ። እውነትም በየቀኑ ከጋምቤላ አሶሳ ስንት ሰው ይሄዳል? ባዶ ወንበር ማን ያበራል? ከያዝኩት ማንጎ አንዱን ሰጠኋቸው። ጉዞው አብስሎት ነበር።

አሶሳ ስደርስ አክስቴ ፌስታሉን ከፍተው ሳቁብኝ። «ማንጎ? ለአሶሳ?» የጓሯቸውን ዛፍ አሳዩኝ፤ ቅርንጫፉ በፍሬው ጎብጧል። ቡናው ሁለተኛው ሲቀዳ «ለመሆኑ ጋምቤላ ሩቅ ነው?» አሉኝ። አገጬን አነሳሁ። ወደ ደቡብ ላዙረው ወይስ ወደ ምሥራቅ እያልኩ ስወዛገብ ቡናዬ ቀዘቀዘ።