ንብ የማይደፍረው ግቢ

ባለፈው ኅዳር ብልባላ ሄጄ አጎቴ ቤት ሰነበትኩ። አጎቴ የጭቃ ቤታቸውን አፍርሰው በብሎኬት ሠርተዋል፤ ግቢያቸውንም «ዘመናዊ» አድርገውታል። ገና ከበሩ ስገባ ክንዴን ይዘው እንግዳ እንደሚያስጎበኝ ሹም ከጥግ ጥግ አዞሩኝ። በበሩ ግራና ቀኝ አዲስ አበባ መንገድ ዳር አይተው የጓጉላቸው ሁለት ዘንባባዎች ቆመዋል፤ ከአልጋ ገና እንደተነሣ በሽተኛ እያንዳንዳቸው በሦስት አጣና ተደግፈዋል። አጥሩ ዱራንታ ነው፤ በመቀስ ተከርክሞ ሳጥን መስሏል። መሀሉ ላይ የላስቲክ ሣር ተነጥፏል። አንድ ቀን የጎረቤት ፍየል ገብታ አሸተተችውና አፍራ ወጣች አሉ። አጎቴ ይህን የሚያወሩት በኩራት ነው፤ «ፍየል እንኳ የማትደፍረው ሣር!»

«ጋሼ፣ ቀጋው የት ሄደ?» አልኳቸው። በልጅነታችን ፍሬውን ስንለቅም እጃችንን ሲቧጥጠን የኖረው ቀጋ ከጓሮው ጥግ ነበር።

«እሱ እሾህ እንጂ ተክል ነው እንዴ ልጄ? አስነቅዬ አነደድኩት። በምትኩ ከአዲስ አበባ ጽጌረዳ አዝዣለሁ።»

አርቆ ማሰብ እንዲህ ነው። ቀጋ ራሱ ጽጌረዳ ነው፤ ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮው የሚበቅል ጽጌረዳ ከእሱ ሌላ የለም። ሳይንሱ እንኳ ስም ሲያወጣለት «አቢሲኒካ» ብሎታል። ነጭ አበባው ያውዳል፣ ፍሬው ይበላል፣ እሾሁ አጥር ይሆናል። ጥፋቱ አንድ ብቻ ነው፤ ገንዘብ አልወጣበትም። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባል ነበር፤ አጎቴ ተረቱን አሻሽለው ወርቁን አንድደው መዳብ አዘዙ።

በዚህ ጉብኝት የተማርኩት ሕግ ቀላል ነው፤ የተክል ክብር የሚለካው በመጣበት ርቀት ነው። ጥድ ብቻ የተባለ እንደሆነ ባላገር ነው፤ «የፈረንጅ ጥድ» ሲባል ግን ካባ ይደርባል። የፈረንጁ ጥድ ከሜክሲኮ በኩል የመጣ ነው፤ ክርክም ይወዳል፣ ለፎቶ ይመቻል። የእኛው ጥድ ደግሞ እዚሁ አቅራቢያችን፣ ይምርሃነ ክርስቶስ ዙሪያ፣ ደን ሆኖ ሲጠብቅ ኖሯል። ድንጋይና እንጨት እየተደራረበ ከታነጸ ቤተ ክርስቲያን ጋር ዘመን ማስቆጠሩ ለፎቶ ምን ይጠቅማል?

የአጎቴ ዋና ኩራት ግን በረንዳው ላይ የተንጠለጠለው ቡጋንቪሊያ ነው። ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ነው፤ ቀይ ሆኖ ዓመቱን ሙሉ ይንበለበላል። ያ ቀዩ ግን አበባ አይደለም፣ ቅጠል ነው። እውነተኛው አበባ መሀሉ ላይ የተደበቀችው ሚጢጢ ነጭ ነገር ናት። ለዚህ ግቢ ከዚህ የተሻለ ዓርማ ከየት ይገኛል? ቅጠል ሆኖ አበባ መስሎ ማደር!

ወደ ጓዳ ብቅ ስል የአጎቴ ባለቤት ጌሾ ሲወቅጡ አገኘኋቸው።

«እትዬ፣ የጓሮው ጌሾ ደረሰ?»

«የቱ ጌሾ? ዱራንታው የቆመው እሱ ላይ አይደል! ከገበያ ነው የገዛሁት» አሉኝ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ጌሾ ክረምት ከበጋ የሚያብረቀርቅ ቅጠል አለው፤ ሲከረከምም እሺ ይላል። ግን ጠላ ውስጥ ይገባል። ሥራ ያለው ተክል ደግሞ ጌጥ መሆን አይችልም፤ ጌጥ ሥራ ፈት መሆን አለበት።

ይህን ስል «እንግዳ ተክል ጠላህ» የሚለኝ አይጠፋም። አልጠላሁም። በርበሬም ከአሜሪካ ነው የመጣው፤ ባሕር ዛፍም በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ ነው የገባው፤ ስሙ ራሱ ባሕር ተሻግሬ መጣሁ ይላል። አንዱ ወጥ ሆኖ፣ ሌላው ማገርና ማገዶ ሆኖ ሠርቶ ያድራል። የአጎቴ ዘንባባዎች ግን ባልዲ ውሃ እየጠጡ ጥላ እንኳ አይሰጡም።

ደግነቱ አጎቴ ፍሬም አልረሱም፤ የጨንቻን ፖም ዝና ሰምተው አንድ ችግኝ ተክለዋል። አራት ዓመት ሆነው፣ አላፈራም። ፖም በአብዛኛው ብቻውን አያፈራም፤ ሌላ ዓይነት ፖም በጉርብትና ይሻል፣ በመሀል ደግሞ የአበባውን ዱቄት የሚያመላልስ ንብ። ይህን ስነግራቸው አጎቴ ደረታቸውን ነፉ።

«ንብ? እዚህ ግቢ ንብ ድርሽ አይልም! ልጆቹን እንዳይነድፍ አበባ የሚባለውን ሁሉ አጽድቻለሁ።»

እንግዲህ ይህ የሚነገረው ብልባላ ላይ ነው። የብልባላ ጊዮርጊስ ንቦች ቤታቸውን ከቤተ መቅደሱ ግድግዳ አድርገዋል፤ ማራቸው ፈውስ ነው ተብሎ ይታመናል። የአገሩ ንጉሥም ሲወለድ ንብ ከበበው፣ ላሊበላ የሚለው ስሙም ከዚያ ወጣ ይባላል። ንቡን ንጉሡም ቅዱሱም አስጠግተውታል፤ ያባረሩት አጎቴ ብቻ ናቸው።

ማታ ላይ እራት በላን። አጎቴ ተነሥተው ከቁም ሣጥን አንድ ብልቃጥ አወጡ፤ ክዳኑን ቀስ ብለው ከፈቱ። እንደ ቅቤ የረጋ ነጭ ማር ነው።

«ቅመስ፤ የላስታ ማር ነው! በዓለም አይገኝም።»

ቀመስኩ። እውነትም አይገኝም።

«ጋሼ፣ ይህን ከየት አገኙት?»

«ከዚያ ከማዶው ሰውዬ ነው የገዛሁት» አሉ፣ በመስኮቱ እያመለከቱ። «ግቢው መንተሴ በመንተሴ ነው፤ ቀጋው፣ ጌሾው፣ አደይ አበባው አልቀረው። ሂድና እይ፤ ሰው እንዴት እንዲህ ባለ ጫካ ውስጥ ይኖራል?»

አንድ ማንኪያ ጨመሩልኝ፤ ለራሳቸውም ሁለት።