ስለ ትከሻ፣ ስለ መንገድና ስለ ይቅርታ የወጣ አዋጅ

አዋጅ ቁጥር፦ በድርድር ላይ
ያንዱ ዋጋ፦ አንድ ጊዜ ሳይከራከሩበት አይነገርም

አዋጅ! አዋጅ! የደበሎ ቅዳጅ! ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ፤ ጆሮህ ላይ ማዳመጫ የሰካህ ንቀል።

ሞዓ ግፊያ ዘእምነገደ እግረኛ፣ ሥዩመ ራሱ፣ በሰባተኛ ገብቶ በአመዴ በኩል ሁለቱንም ጫማውን እንደተጫማ የወጣ፣ በጎማ ተራ፣ በቦምብ ተራ፣ በሸራ ተራ፣ በምናለሽ ተራና ተራ በሌላቸው ተራዎች ሁሉ ለምትገኙ ነጋዴዎች፣ ደላሎች፣ ገዢዎች፣ ገዢ መሳዮችና ተላላፊዎች፤ እንዴት ሰነበታችሁ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ ከግራ ትከሻችን በቀር።

መግቢያ

መርካቶ ራሷ በግፊያ የተወለደች መሆኗን በመገንዘብ፤ ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ ገበያውን ከአራዳ ጊዮርጊስ ነቅሎ፣ ያገሬው ሰው ከነጩ ተለይቶ ይገበያይ ብሎ ወደ ምዕራብ እንደገፋው፣ ገፊው ራሱ ከአምስት ዓመት በኋላ ተገፍቶ ቢወጣም ግፊያው ከነስሙ እዚሁ መቅረቱን በማስታወስ፤

በዚህ ገበያ አንድ ነጋዴ ለጎረቤቱ በቃል ብቻ ብዙ ሺህ ብር የሚያወጣ ዕቃ በዱቤ እያወጣ የሚሰጥ፣ እቁቡን በሰው ምስክርነት የሚጥልና የሚያነሳ፣ ለሶላት ወይም ለቅዳሴ ሲሄድ ሱቁን ለጎረቤት አደራ ብሎ የሚሄድ ሆኖ ሳለ፣ ይኸው የታመነ ሰው በደጃፉ ለምታልፍ አሮጊት አንድ ክንድ መንገድ መልቀቅ የሚተናነቀው ለምን እንደሆነ ግራ ስለገባን፤

ነገሩን ስንመረምር ትህትና ከመርካቶ ፈጽሞ እንዳልጠፋ፣ ይልቁንም ጅምላ ሽያጭ ውስጥ ገብቶ ለደንበኛ፣ ለዘመድና ለእቁብተኛ ብቻ እንደሚከፋፈል፣ ችርቻሮው ግን እንደተቋረጠ ስለደረስንበት፤

ኮሮና በገባበት በ2012 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ማስፈጸሚያ ደንብ በእጅ መጨባበጥን ከልክሎ ስለነበር፣ ሰላምታን በሕግ መከልከል ከተቻለ ሰላምታን በሕግ ማዘዝ የማይቻልበት ምክንያት ስላልታየን (ያን ጊዜ የታዘዘው “ሁለት የአዋቂ እርምጃ” ርቀት በርበሬ በረንዳ ላይ ስንት ደቂቃ እንደቆየ ግን አንጠየቅ)፤

የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ “የአንድ ክንድ መንገድ አዋጅ” ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ሲጠቀስ በድምፅ ማጉያ መጮህ ክልክል ነው፤ ድምፅ ማጉያው ሰልቫጅ ለሚያራግፉት ብቻ እንዲቀር ተወስኗል። እነሱንም ቢሆን ያልከለከልናቸው ትእዛዛችንን እንደማይሰሙ ስለምናውቅ ነው።

አንቀጽ 2፦ ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ በዚህ አዋጅ ውስጥ “ሰው” ማለት የማይገዛውንም ይጨምራል። በወንድ አነጋገር የተገለጸው ሴትንም ያካትታል፤ በደንበኛ አነጋገር የተገለጸውም ተላላፊውን ያካትታል። “መንገድ” ማለት ፊት ለፊት የተያዩ ሁለት ሱቆች ዕቃቸውን ዘርግተው ሲያበቁ ከመካከል የተረፈው ነው። የተረፈ ከሌለ ክርክሩ ለሽማግሌ ይመራል።

አንቀጽ 3፦ ስለ ጥሪና ስለ ስንብት

ይህን አንቀጽ ያስወጣን በሸማ ተራ በዓይናችን ያየነው ነገር ነው። ልጇን የምትድር የሚመስል ድካም ያለባት አንዲት ሴት ዘንቢል አንጠልጥላ ስታልፍ፣ አንድ ጎልማሳ ከሱቁ ዘሎ ወጣ። “የኔ እናት፣ ነይ ግቢ፣ አረፍ በይ፤ ማየት እኮ በነፃ ነው!” አላት። ገባች። በርጩማ ተሳበላት። ሦስት ነጠላ ተዘረጋላት፤ ጥለቱ ወደ ብርሃን ተይዞ ተገለበጠ፣ ጫፉ ተፈትሎ ተገመጠላት፣ “ይሄ የፋብሪካ አይደለም፣ የእጅ ነው” ተብሎ በራጉኤል ተማለላት። የመጨረሻውን ጠየቀች። ነገራት። ጥለቱን በአውራ ጣቷ አንድ ጊዜ ዳበሰችና “እሺ፣ ዞሬ እመጣለሁ” አለች።

ያ ሰው ነጠላውን ሲያጥፍ አላጠፈውም፤ ጠቀለለው። ከጀርባዋም “ድሮም የምትገዢ አትመስዪም! ሰው እያደከማችሁ!” ብሎ ለጎረቤቱ በሚሰማ ድምፅ ላከባት። በሦስት ደቂቃ ውስጥ ከእናትነት ተሻረች።

ስለዚህ፦ ሲጠራ “የኔ እናት” ያለ ሰው ሲሸኝም እናቱ መሆኗን አይክድም። “ዞሬ እመጣለሁ” የሚለው ቃል ከእንግዲህ የጸና ስንብት ነው፤ ሻጩም “እሺ፣ ዞረሽ ነይ” ብሎ ይመልሳል። እንደማትመለስ እሷም ታውቃለች፣ እሱም ያውቃል፤ ዘንድሮ ብዙ ውሸት በደረሰኝ ሳይቀር እየተሸጠ ይህችን አንዲት ውሸት በነፃ መለዋወጥ ምን ያጎድላል?

ይህን የተላለፈ ነጋዴ ቅጣቱ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ነው። በዚያ ቅዳሜ ዋጋ ጠይቀው የማይገዙ ሃያ ሰዎች በተከታታይ ይላኩበታል፤ ለሁሉም ነጠላ ይዘረጋል፣ ሁሉንም “ግድ የለም፣ በሌላ ጊዜ” ብሎ ይሸኛል። ሃያኛዋ የሚስቱ እናት ትሆናለች።

ገዢም አይሳቅ። ሱቅ ሊዘጋ ሲል ገብቶ ጣቃውን ሁሉ አስፈትቶ፣ የተጠራውን ዋጋ ሩብ አድርጎ፣ “ይሄን ጨርቅ ነው?” ብሎ ከንፈሩን የሚመጥ ሰው በዚሁ አንቀጽ ተጠያቂ ነው። የፈታውን ራሱ ያጥፋል፤ እንደነበረው እስኪታጠፍ አይወጣም። (ጣቃ አጣጥፎ የሚያውቅ ይህ ከእስር እንደሚከብድ ያውቃል።)

አንቀጽ 4፦ ስለ ሸክም

ኩንታል ተሸክሞ አንገቱን ደፍቶ የሚሄድ ሰው ከፊቱ የሚያየው የሰው እግር ብቻ ነው። እሱን “አይታይህም?” ብሎ መጠየቅ ከእንግዲህ በሕግ ፊት እንደ ቀልድ ይቆጠራል፤ ቀልዱም አያስቅም። ባለ ሸክም “እባካችሁ” የማለት ግዴታ የለበትም፤ በትንፋሽ እጥረት ምክንያት “ዞር በሉ!” በቂ ነው። ትህትና የሚፈለገው እጁ ባዶ ከሆነው ሰው ነው።

መተላለፊያ መሃል ቆሞ ስልኩን በስፒከር ከፍቶ በቪዲዮ የሚያወራ፣ ወይም የማያውቀው ሰው ፊት ላይ ካሜራ ደግኖ ለቲክቶክ የሚያስቅ ወጣት፣ ከኋላው የመጣውን ማዳበሪያ ተቀብሎ እስከ አውቶቡስ ተራ ያደርሳል። ቪዲዮ መቅረጽ ይፈቀድለታል።

አንቀጽ 5፦ ስለ ፋዘርና ማዘር

“ፋዘር፣ ዞር በል!” የሚል ሰው ከእንግዲህ አንዱን እንዲመርጥ ታዟል። “ፋዘር” ካለ “ዞር ይበሉ” ይላል። “ዞር በል” ማለት ካማረው እኩያውን ይፈልግ። ሽማግሌ ሲገባ ተነስቶ “ኖር!” የሚል ወጣት የተገኘ እንደሆነ ለእሱ የምንሰጠው ኒሻን የለንም፤ ሽማግሌው ግን “በእግዜር!” ብለው ከመቀመጣቸው በፊት አንድ ጊዜ ዘወር ብለው ማን እንደሆነ እንዲያዩት እንለምናለን፤ ደንግጠው ይሆናልና።

አንቀጽ 6፦ ስለ ታክሲና ስለ ባቡር

ቀላል ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. መስከረም ሥራ ሲጀምር የሚወርድ ሳይወርድ የሚሳፈር እንደማይገባ ያልተጻፈ ስምምነት ነበረን፤ ሰባተኛ ጣቢያ ላይ ስምምነቱን የፈረመ ሰው ጠፍቷል። በሩ ሲከፈት ውስጥ ያለው ይወጣል፣ ውጭ ያለው ይጠብቃል። ይህ ፍልስፍና አይደለም፤ ባዶ ቦታ የሚገኘው ሰው ሲወጣ ነው።

በሚኒባስ ውስጥ ነፍሰ ጡር ወይም ሕፃን ያዘለች ሴት ስትገባ በድንገት እንቅልፍ የሚወስደው ወንድ፣ “ወራጅ አለ!” ለማለት በትክክለኛው ቦታ እንዴት እንደሚነቃ በጽሑፍ ያስረዳል። ተራ አስከባሪው ሰልፍ አሲይዞ ሳለ ታክሲው ሳይቆም በሩ ላይ የሚንጠለጠል ሰው፣ በሰልፉ ከነበሩት ሁሉ በኋላ ይሳፈራል፤ ሰልፉ ያለቀ እንደሆነ የማግስቱን ይጠብቃል።

ረዳቱን በሚመለከት ሕዝቡ ከባድ ቅጣት እንደሚጠብቅ እናውቃለን። “ጠጋ ጠጋ በሉ” ብሎ የሦስት ሰው ወንበር ላይ አራተኛ መደረቡ፣ መልስ ሲጠየቅ መስኮት ማየቱ፣ ሁሉም ደርሶናል። ነገር ግን ከጠዋት እስከ ማታ ጎንበስ ብሎ ቆሞ፣ ገና አፉን ሳይከፍት “ሌባ” የሚባል ሰው ትህትናን ከየት አምጥቶ ይስጠን? መጀመሪያ አንድ ሳምንት ሂሳብ ስንሰጥ “እንካ ወንድሜ” እንበለው። ከዚያ በኋላም መልስ ካልሰጠ እንነጋገራለን።

አንቀጽ 7፦ ስለ መተላለፊያ

ይህን አንቀጽ በፌዝ አንጽፈውም። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ ሸማ ተራ አካባቢ እሳት ሲነሳ፣ የአካባቢው መጣበብና መጨናነቅ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ሥራ እንዳከበደው ሁላችንም ሰምተናል። መንገዱን ያጠበበው ካርታ ብቻ አይደለም። “ለአንድ ደቂቃ ነው” ተብሎ የቆመ አይሱዙ፣ ከሱቅ ደፍ ወጥቶ በየወሩ አንድ ስንዝር የሚራመድ መደርደሪያ፣ ጎረቤት ስለዘረጋ የተዘረጋ ሸራም አጥበውታል። ሁሉም ሰው ትንሽ ነው የወሰደው። ስለዚህ ከሱቁ ደፍ የወጣ ዕቃ ይገባል፤ የቆመ መኪና ባለቤት ስልክ ቁጥሩን መስታወቱ ላይ ይለጥፋል፤ ሲደወልለትም ያነሳል። ሌላ አስተያየት የለንም።

አንቀጽ 8፦ ስለ ደረሰኝ

ይቅርታ ያለ ደረሰኝ መስጠትም መቀበልም ይቻላል። በመርካቶ ደረሰኝ የማይጠየቅበት፣ ተቆጣጣሪም ደርሶ የማያሽግበት ብቸኛው ግብይት ይህ ሆኖ ሳለ አቅርቦቱ ማነሱ አስገርሞናል። “መርቂልኝ” የሚል ገዢ ሲኖር ሻጭዋ ከሽንኩርቱ ላይ አንድ መጨመር ካቃታት አንድ ፈገግታ ትመርቅ፤ ገዢውም ፈገግታው በሚዛን ካልተመዘነ ብሎ አይከራከር።

አንቀጽ 9፦ የተሻሩና ተፈጻሚነት የማይኖራቸው ሕጎች

“አይታይህም?”፣ “ምን አገባህ?”፣ “ካልተመቸህ ኮንትራት ያዝ”፣ “ካልገዛሽ አትንኪ”፣ እንዲሁም “መርካቶ ነው፣ ምን ትጠብቃለህ?” የሚሉት ልማዳዊ ሕጎች በዚህ አዋጅ ተሽረዋል። የመጨረሻው በተለይ ተሽሯል። ለሠሩት ሁሉ መርካቶን የሚከሱ ሰዎች፣ ሊስትሮ ሆነው መጥተው በዚሁ ገበያ ባለ ፎቅ የሆኑትን መጀመሪያ ሳጥን ያበደራቸው፣ መደብ ያካፈላቸው፣ በረንዳ ያስጠለላቸው ማን እንደሆነ ይጠይቁ። እሱም መርካቶ ነው።

አንቀጽ 10፦ የመሸጋገሪያ ድንጋጌ

ይህ አዋጅ ከመጽናቱ በፊት የተጀመረ ግፊያ በነባሩ ሥርዓት መሠረት ይጠናቀቃል።

አንቀጽ 11፦ ትህትና ስለ ማብዛት

“አንተ ቅደም፤ ኧረ አንተ ቅደም፤ በእናትህ፣ በእመቤቴ፣ ወላሂ አትቀድመኝም!” መባባል ከሁለት ዙር ማለፍ የለበትም። ጭድ ተራ መግቢያ ላይ ሁለት ሰዎች በዚህ መልክ ተከባብረው ከኋላቸው አንድ ጋሪ፣ ሦስት ባለ ሸክምና አንድ የሠርግ ሶፋ ያስቆሙ እንደሆነ፣ በአንቀጽ 7 መሠረት መንገድ እንደዘጉ ይቆጠራሉ። በሦስተኛው ዙር በዕድሜ የሚበልጠው ያልፋል። ዕድሜውን የሚደብቅ ከኋላ ይመጣል።

አንቀጽ 12፦ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ ከነገ ጠዋት ሱቅ ከሚከፈትበት ሰዓት ጀምሮ የጸና ይሆናል። ሆኖም በዘመን መለወጫ፣ በገና፣ በፋሲካና በዒድ ዋዜማዎች ተፈጻሚ አይሆንም፤ በእነዚህ ቀናት አዋጅ ነጋሪውም ዶሮና ቅቤ ፍለጋ በሙሉ ትከሻው ስለሚወጣ ያገኘው ሰው ዞር ይበልለት።

መርካቶ፣ አዲስ ከተማ
ሥዩመ ራሱ