ትልቅ እንስሳ፣ ትንሽ ሌንስ

የዱር እንስሳ ፎቶ የሚያነሱ ሰዎች ሲገናኙ ሰላምታቸው አጭር ነው። ጤና አይጠየቅም፣ ስለ ልጆች አይወራም፤ «ስንት ደረስክ?» ነው የሚባለው። «300» ብሎ የመለሰ ሰው አንገቱን ደፍቶ ማኪያቶውን ይጠጣል። «400» ያለው «አይዞህ» ይባላል። «600» ያለው ግን ሁለት ወንበር ይይዛል፤ አንዱን ለራሱ፣ አንዱን ለሌንሱ። አስተናጋጇም ቀድማ የምትታዘዘው እሱን ነው።

ቁጥሩ የሌንሱ የትኩረት ርዝመት ነው፣ በሚሊሜትር። እንስሳው ካለበት ሳይነቃነቅ ቁጥሩ እጥፍ ቢሆን የምስሉም ቁመት እጥፍ ይሆናል። ሕጉ ይኸው ነው፤ ምንም የተወሳሰበ ነገር የለበትም። ጓደኞቼ ግን ከዚሁ ሕግ ተነስተው «ትልቅ እንስሳ የሚያነሳ ሰው ትልቅ ሌንስ ይግዛ» የሚል ፍርድ ሰጥተዋል። እኔ ይግባኝ ብያለሁ።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 3 ሜትር የሚቆም ዝሆን ጨበራ ጩርጩራ ፓርክ ውስጥ 100 ሜትር ርቀት ላይ አገኛችሁ እንበል። በ200 ሌንስ ብታነሱት ሰንሰሩ ላይ የሚያርፈው ምስል 6 ሚሊሜትር ቁመት ይኖረዋል። ትከሻው ድረስ 60 ሴንቲሜትር የሚሆን ቀይ ቀበሮ 60 ሜትር ላይ፣ በ600 ሌንስ፣ ያው 6 ሚሊሜትር ነው። 10 ሴንቲሜትር የምታህል ወፍ ደግሞ ጅብራ ላይ ተቀምጣ አበባ ስትመጥ 10 ሜትር ድረስ ተጠግታችሁ በዚያው በ600 ብታነሷት፣ አሁንም 6 ሚሊሜትር። የሙሉ ፍሬም ሰንሰር ቁመት 24 ሚሊሜትር ስለሆነ ሦስቱም የፎቶውን ሩብ ይይዛሉ። እንግዲህ ዝሆኑ በ100 ሜትር ርቀት 200 በቅቶት ሳለ፣ ወፊቱ 600 ጎትታ፣ ያም አልበቃ ብሏት፣ በእንብርክክ አስር ሜትር ድረስ ታስመጣችኋለች። አንበሳ ለማንሳት 600 ገዛሁ የሚል ሰው ካያችሁ ወይ በድብቅ ወፍ ያነሳል፣ ወይ አንበሳውን ፈርቷል። ሁለቱም አያሳፍርም፤ ግን እውነቱን ይናገር።

የእኛ አገር ደጋ ደግሞ ለረጅም ሌንስ አይመችም፤ እንስሳው ከሰው አይርቅማ! ስሜን ተራሮች ሳንቃበር አካባቢ ጭላዳዎቹ መሀል ብትቀመጡ ሣራቸውን እየነጩ ዙሪያችሁን ይግጣሉ። ወንዱ ሲቆጣ የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱንና ክራንቻውን ያሳያል። በስልክ ያነሳ ሰው ሙሉ ቁጣውን ይዞ ይመለሳል፤ በ600 ያነሳ ሰው አንድ ጥርስ ይዞ ይመለሳል። ባሌ ዲንሾ የፓርኩ ዋና መሥሪያ ቤት አካባቢ የደጋ አጋዘን በግቢው ዛፎች መካከል ሲንጎራደድ ይታያል። ስለ ሐረር ጅብ ምን ልበላችሁ? ጅቡ ሥጋውን ከሰው አፍ ነው የሚቀበለው። የ600 ኤፍ 4 ሌንሶች ደግሞ ከ4 ሜትር ባነሰ ርቀት ፎከስ አያደርጉም። ሐረር 600 ተሸክሞ የሄደ ሰው ጅቡን «ጌታዬ፣ እስቲ ትንሽ ወደኋላ» ብሎ ሊለምነው ነው።

የክብደቱን ነገር የሚያውቀው ወገብ ነው። ኤፍ 4 ማለት የሌንሱ የትኩረት ርዝመት ለብርሃን መግቢያው ስፋት ሲካፈል 4 ይወጣል ማለት ነው፤ ስለዚህ 600 ኤፍ 4 የፊት መስታወቱ 150 ሚሊሜትር መስፋት አለበት። የእንጀራ ሰፌድ አይሁን እንጂ የሽሮ ሳህን ያህላል። በዚህ ላይ 3 ኪሎ ግራም ይመዝናል፣ ዋጋውም ከ12,000 ዶላር በላይ ነው። ኤፍ 6.3 ሲሆን 95 ሚሊሜትር ይበቃዋል። ሲግማና ታምሮን ከ150 እስከ 600 የሚደርሱትን ሌንሶቻቸውን ወደ 2 ኪሎ ማውረድ የቻሉት፣ ለመካከለኛ ኪስም ያቀረቡት በዚህ መንገድ ነው። ካኖን በ1993 ያወጣው 1200 ኤፍ 5.6 ግን 16.5 ኪሎ ነበር፤ በትእዛዝ ብቻ ነበር የሚሠራው። አንድ ወንድ ቀይ ቀበሮ በአማካይ 16 ኪሎ ግድም ይመዝናል። ይህን ሌንስ ተሸክሞ ባሌ ሳነቴ የወጣ ሰው፣ ከሌንሱ ይልቅ ቀበሮውን ተሸክሞ ቢወርድ ይቀለው ነበር። (ሕግ ይከለክላል እንጂ። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፤ ከግማሽ በላዩም ያለው እዚያው ባሌ ነው።)

«ታዲያ ቀላልም ረጅምም የሆነ የለም?» ትሉኝ ይሆናል። አለ። ያው ካኖን በ2020 800 ኤፍ 11 አወጣ፤ 1.26 ኪሎ ነው። ሳነቴ ላይ፣ ፀሐይ ፍንትው ባለችበት፣ ይሠራል። ከሳነቴ ወደ ደቡብ ወርዳችሁ ሐረና ደን ስትገቡ ግን እኩለ ቀን ላይ ያመሻል። የባሌ ጦጣ ቀርከሃው ውስጥ ሲዘል በኤፍ 11 ብታነሱት የምታገኙት ጥቁር ነገር ነው፤ ጦጣ ነው ብላችሁ መማል ትችላላችሁ፣ የሚያምናችሁን ሰው አብራችሁ ፈልጉ። ከካሜራውና ከሌንሱ መሀል የምትገባዋን ማራዘሚያም በዚሁ ሰፈር አስቧት፤ እጥፍ የምታደርገዋ ኤፍ 6.3ን ወደ ኤፍ 13 ትገፋዋለች። በነፃ ርዝመት የሚሰጥ የለም።

ትንሽ ሰንሰር ያለው ካሜራ 400ን 600 ያደርጋል የሚሉም አሉ። አያደርግም፤ ዳር ዳሩን ነው የሚቆርጠው። ቢሆንም ለወፍ ሰው ዳር ዳሩ ምን ያደርግለታል? ቅጠል ነው።

ስለ ረጅም ሌንስ ሲወራ የማይነሳው ነገር ግን ማየት መከልከሉ ነው። 600 ሌንስ ከአድማስ የሚያሳየው ወደ 3.4 ዲግሪ የምትሆን ቁራጭ ብቻ ነው። ሳነቴ ላይ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ፣ ትንፋሽ አጥሮኝ ቆሜ ሳለሁ ስካውቱ «ያውልህ!» አለኝ።

«የት?»

«ከድንጋዩ በስተግራ።»

ሳነቴን ላላየ ሰው ይህ መልስ ይመስላል። ያየ ሰው ግን እዚያ ሜዳ ላይ ከድንጋይ በስተግራ ያልሆነ ነገር እንደሌለ ያውቃል። ቀበሮው የፍልፈል ጉድጓድ አፍ ላይ ጆሮውን ቀስሮ፣ ሐውልት ሆኖ ቆሟል፤ ቀለሙም ከደረቀው ሣር ጋር ተመሳስሏል። በባዶ ዐይን ሲታይ አለ፣ በሌንስ ሲፈለግ የለም። በዚህ ጊዜ ዙም የያዘ ሰው ወደ 150 ይመልስና ቀበሮውን ያገኘዋል፣ ከዚያ ተረጋግቶ ወደ 600 ይገፋል። የማይለወጥ 600 የያዘ ባለጠጋ ግን ድንጋይ በድንጋይ ይዳስሳል። የፎቶዎቹ ጥራት እንከን የለውም፤ የድንጋዮቹ ሽበት ሳይቀር ይቆጠራል።

የእጅ መንቀጥቀጥም አለ። የድሮ ሰዎች «በ600 ሌንስ ከሰከንድ አንድ 600ኛ በታች አትውረድ» ይሉ ነበር። አሁን ማረጋጊያ ያላቸው ሌንሶች ከዚያም ያስወርዳሉ። ማረጋጊያው የሚያረጋጋው ግን እኔን እንጂ ቀበሮውን አይደለም፤ ቀበሮው ከሮጠ አንድ 1000ኛና ከዚያም የፈጠነ ይፈልጋል። ያ ደግሞ ብርሃን ይጠይቃል፣ ብርሃን ሰፊ መስታወት ይጠይቃል፣ ሰፊ መስታወት 12,000 ዶላር ይጠይቃል። ባለቤቴን ደግሞ የምጠይቀው እኔ ነኝ።

ዶላሩ ቢገኝ እንኳ አየሩ አለ። አዋሽ ፓርክ ኢላላ ሳላ ሜዳ ላይ እኩለ ቀን ሩቅ የቆሙትን ሳላዎች በረጅም ሌንስ ብታዩ፣ ከመሬቱ የሚነሳው ሙቀት እንስሳቱን እግር በእግር ያቀልጣቸዋል። ቀጥ ያለው ቀንዳቸው ይተጣጠፋል። ሌንሱ ምን ያህል ውድ ቢሆን መሀል ያለውን ትኩስ አየር አይጠርግም፤ ሌንሱ በረዘመ ቁጥር እንዲያውም ያንኑ ትርምስ አጉልቶ ያሳያል። መድኃኒቱ በማለዳ መነሣት ወይም መጠጋት ነው። ሁለቱም በሱቅ ስለማይሸጡ ማንም አይመክራቸውም።

ይህን ሁሉ አስልቼ ከ100 እስከ 400 የሚሄደው ላይ ቆረጥኩ። ወደ 1.4 ኪሎ ነው፣ አንገት ላይ ይውላል፣ ጭላዳም ቀበሮም ይመጥነዋል። ወፎቹ ይቅር ይበሉኝ። በትራይፖድ ፋንታ ከጓዳ አንድ ከረጢት ሽምብራ አዘጋጀሁ፤ የመኪና መስኮት ላይ አስቀምጠው ሌንሱን ሲያስደግፉበት ከብረት እግር ይሻላል። ከደጀን የተላከው ሽምብራ ወዴት እንደሚሄድ ስትሰማ ባለቤቴ ያለችውን እዚህ አልጽፈውም።

የቀረው የሚያመጣልኝ ሰው ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩት አክስቴ ለጥምቀት ይመጣሉ። የእሳቸው የጭነት ሕግ በማንም ዘንድ የታወቀ ነው፦ የሚያመጡልህ ዕቃ የመዘነውን ያህል ስትሸኛቸው በርበሬ ታስይዛቸዋለህ። ደወልኩላቸው።

«ስንት ኪሎ ነው?» አሉኝ፣ ገና ስሙን ሳልጨርስ።

«1.4 ናት እትዬ። አትከብድዎትም።»

ዝም አሉ። መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«ከበድ ያለ የለውም?»

«አለው። ባለ 3 ኪሎ አለ፤ ግን ዋጋው አይቀመስም፣ ደግሞም ለወፍ ነው።»

«ታዲያ ወፍ ምን አደረገህ?» አሉኝ ቆጣ ብለው። «እዚህ ዕድርተኛው ሁሉ መምጣቴን ሰምቶ እየጠበቀ፣ በ1.4 ኪሎ በርበሬ ሰው ፊት ይቀርባል? ሽሮውስ በምን ሊገባ ነው?»