ሳይረግጡ የመግዛት ጥበብ

ያገለገለ ሞተር ሳይክልን ከስልክ ላይ አይቶ መመዘን ከመካኒክነት የሚለይ፣ ከመካኒክነትም የከበረ ሙያ ነው። መካኒክ ሞተሩን መንካት፣ ማዳመጥና ማሽተት ግድ ይለዋል፤ የስልክ መዛኝ አንድ ፎቶና አንድ አውራ ጣት ይበቃዋል። ሙያው በባሕር ዳርም በአዲስ አበባም ቢታወቅም ረቂቅነቱ የሚታየው እንደ ዱርቤቴ ባሉ ከተሞች ነው። ዱርቤቴ የደቡብ አቸፈር ወረዳ መቀመጫ ናት። ከባሕር ዳር በመራዊ አልፎ ወደ ዳንግላና እንጅባራ በሚወስደው አስፋልት ላይ ሆና፣ በሌላ ወገን ወደ ቁንዝላና ወደ ጣና ዳርቻ የሚሄደውን መንገድ ትይዛለች። ከአስፋልቱ ራቅ ያሉ ብዙ ቀበሌዎች ክረምት ሲገባ ለመኪና ስለማይመቹ ሞተር እዚያ ጌጥ አይደለም፤ በሽተኛም ማዳበሪያም የሚደርሰው በእሱ ነው። ሻጩ ግን ብዙ ጊዜ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ነው። በመካከል ያለውን ርቀት ድሮ ደላላ ይሞላው ነበር። አሁን ቴሌግራም ሞልቶታል፤ ደላላውም ቴሌግራም ገብቷል።

ጥበቡ የሚጀምረው ከፎቶው ነው። ለሽያጭ የቀረበ ሞተር የሚነሳው በአንድ ጎኑ ብቻ ነው፤ ሌላው ጎኑ እንዴት እንደከረመ መጠየቅ ነውር ይሆናል። ከበስተጀርባው ቢቻል የባሕር ዳር ዘንባባ ወይም የጣና ውኃ ይታያል፤ ይህም ሞተሩ ንጹሕ አየር ሲተነፍስ መኖሩን ያረጋግጣል። ከፎቶው በፊት በናፍጣ ታጥቦ ተወልውሏል። ከሲሊንደሩ ክዳን ሥር ዘይት እየሾለከ እንደሆነ ሊመሰክር የሚችለው በዘይት ርሶ የደረቀው አቧራ ነበር፤ እሱም ቃሉን ሳይሰጥ ታጥቦ ሄዷል። በምትኩ አዲስ የወንበር ልባስና ታንኩ ላይ የሚያብረቀርቅ ተለጣፊ ይጨመራል። ተለጣፊው የሚያርፈው ብዙ ጊዜ ታንኩ በስቱኮ ከተሞላበት ቦታ ላይ መሆኑ የአጋጣሚ ጉዳይ ነው።

እውነት ፈላጊ ከዚህ ፎቶም ቢሆን እውነት አያጣም። የኋላው ጥርስ ጫፉ ሾሎ ወደ አንድ ወገን ከጎበጠ ካቴናውም አብሮት አልቋል። የማርሽ መርገጫው ጎማ ተልጦ ብረቱ ከታየ፣ ቆጣሪው የሚያሳየው 9 ሺህ ኪሎ ሜትር የሌላ ሞተር ታሪክ ነው። የፍሬንና የፍሪሲዮን እጀታዎች ጫፍ ከተፋቀ ሞተሩ ወድቆ ያውቃል፤ መሪው ቀጥ ብሎ ሳለ የፊት ጎማው ወደ ጎን ካየ ደግሞ አወዳደቁ ቀላል አልነበረም። ፎቶውን አስፍቶ እነዚህን የሚፈልግ ሰው ግን በሙያው ባልደረቦች ዘንድ ክብር የለውም። «ካልገዛህ ለሚገዛው ተው» ይባላል።

የአቸፈር ገበሬ በሬ ሲገዛ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል፣ ሻኛውን ይዳስሳል፣ አስኪዶ አረማመዱን ይመለከታል፣ ጠባዩንም ከሻጩ ጎረቤት ያጣራል። የዚያው ገበሬ ልጅ የጥንድ በሬ ዋጋ የሚወጣበትን ሞተር አልጋው ላይ ተጋድሞ መርጦ ያድራል። አባት «ጥርሱን አየኸው?» ብለው ቢጠይቁ ኋላ ቀር ይሆናሉ።

ቀጥሎ የማስታወቂያውን ቋንቋ ማንበብ ይመጣል። «ሞተሩ ተፈትቶ አያውቅም» የሚለው ቃል ኩራት ነው፤ መፈታት በሚገባው ጊዜም እንዳልተፈታ የሚናገር ኩራት። «በአንድ ርግጫ የሚነሳ» ሲባል አንዱ ርግጫ ከስንተኛው በኋላ መቆጠር እንደሚጀምር አይገለጽም። «ባለቤቱ ከአገር ሊወጣ ስለሆነ» የሚለውም ሁልጊዜ እውነት ነው፤ ሦስት ጊዜ የተሸጠ ሞተር ሦስት ባለቤቶቹን ከአገር ያስወጣ፣ የተባረከ ሞተር ነው። «በሰዓት 120 ይበራል» የሚለው ከፋብሪካው ወረቀት የተቀዳ ነው። በጣና ዙሪያ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚያንስ ካርቡሬተር ያለው ትንሽ ሞተር ጉልበቱ አብሮ ይቀንሳል፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ግን ከፍታ አይነካውም።

ከሁሉም የሚያምረው «የመንግሥት መሥሪያ ቤት የነበረ፣ ብዙ ያልተነዳ» የሚለው ነው። የግብርና ባለሙያው ከቀበሌ ቀበሌ ሲዞር ሞተሩን እየገፋ ይሄድ ነበር ማለት ነው። ሒሳብ የሚወድ ሰው በቀን 30 ኪሎ ሜትር፣ በዓመት 250 የሥራ ቀን ቢያስብ በዐሥር ዓመት 75 ሺህ ኪሎ ሜትር ያገኛል። ቆጣሪው 14 ሺህ ይላል። ልዩነቱን የሚያስታርቀው ከፊት ጎማው ወደ ቆጣሪው የምትሄደው ቀጭን ሽቦ ናት፤ በእጅ ትፈታለች፣ በእጅ ትታሰራለች፣ ስትፈታም ሞተሩ ሳያረጅ ይጓዛል።

በዓመተ ምህረት ረገድ ኢትዮጵያዊው ሻጭ የሌላ አገር ሻጭ የማያገኘው ጸጋ አለው። «2016 ሞዴል» ብሎ ይጽፋል፤ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ግን አይጽፍም። በአውሮፓውያን 2016 የተሠራ ሞተር በአገሩ አቆጣጠር የ2008 ወይም የ2009 ነው። ገዢው በአገሩ ካነበበው ግን ሞተሩ ያለ ምንም ጥገና ሰባት ስምንት ዓመት ወጣት ይሆናል። ነገሩን ለማጣራት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም ነበር። 17 ምልክት ባለው የሻንሲ ቁጥር ዐሥረኛው ምልክት በብዙ አምራቾች ዘንድ የሞዴሉን ዓመት ይናገራል፤ «ጂ» 2016ን፣ «ኤች» 2017ን። የመጀመሪያው ፊደል ደግሞ አገሩን ይጠቁማል፤ «ጄ» ጃፓን፣ «ኤል» ቻይና ነው። «ኦሪጅናል ጃፓን» ተብሎ በ«ኤል» የሚጀምር ሞተር ቢገኝ በፋብሪካው ስህተት ይመካኛል። የሻንሲ ቁጥሩን ፎቶ የሚጠይቅ ገዢ ደግሞ ሌባ ወይም ፖሊስ ነው ተብሎ ይጠረጠራል፤ ሁለቱም ስለማይፈለጉ መልስ አይሰጠውም።

ሻጭ የሚወስደው ምስጋና አብዛኛው የሌላ ሰው መሆኑም አይካድም። የጃፓኑ ሆንዳ በ1976 እ.ኤ.አ. ሲጂ 125ን ሲያወጣ ጥገና የማያገኙ፣ ዘይት በጊዜው የማይቀየርላቸው አገሮችን አስቦ ነበር። ቫልቮቹን በካቴና ፋንታ በብረት ዘንግ እንዲገፉ ያደረገውም የሚበላሸውን ነገር ለመቀነስ ነው። የቻይና ፋብሪካዎች ይህን ንድፍ ቀድተው በብዙ ስም አሠራጭተውታል፤ በኢትዮጵያ መንገድ ላይ ከሚታዩት የቻይና ሞተሮች ብዙዎቹ የዚያ ንድፍ ልጆች ናቸው። መሐንዲሶቹ ባለቤቱ ግድየለሽ እንደሚሆን አስበው የሠሩት ነገር ሲዘልቅ ማስታወቂያው «በጥንቃቄ የተያዘ» ይላል።

ክላሲክ የሚባለው ዘርፍ አንድ ሞተር መለዋወጫው ከገበያ በጠፋ ማግስት የሚገባበት ማዕረግ ነው። በግብርና ቢሮዎችና በእርዳታ ድርጅቶች ሲያገለግሉ የኖሩት ያማሃ ዲቲዎች ትናንት «አሮጌ» ነበሩ፤ ፋሻና ፒስተናቸው ሲጠፋ ዋጋቸው ወጣ። ጭሳቸውም አብሮ ማዕረግ አገኘ። ዘይት ከቤንዚን ጋር የሚያቃጥል ባለ ሁለት ምት ሞተር ጥቂት ሰማያዊ ጭስ ቢያወጣ ተፈጥሮው ነው፤ ባለ አራት ምቱ ግን ሰማያዊ ካጨሰ ፋሻው ወይም የቫልቭ ጎሚኒው አልቋል። ዛሬ ሁለቱም «የድሮ ዕቃ ጭሱ ያምራል» በሚል አንድ ሐረግ ይሸጣሉ። ከዚህ ማዕረግ በላይ ያለው «ጣሊያን ጥሎት የሄደ ቬስፓ» ነው። ፒያጆ ቬስፓን ያስመዘገበው በሚያዝያ 1946 እ.ኤ.አ. ሲሆን ጣሊያን ከኢትዮጵያ የተባረረው በ1941 እ.ኤ.አ. ነበር። እንግዲህ ቬስፓው ባለቤቱ ከሸሸ ከአምስት ዓመት በኋላ ተፈልስፎ፣ ወደ ኋላ ተጉዞ፣ እዚህ የተጣለ ነው። ወራሪው በርግጥ ያስገባቸው የሞቶ ጉዚና የጊሌራ የጦር ሞተሮች ነበሩ፤ እነሱ ግን በፎቶ እንደ ቬስፓ ስለማያምሩ ታሪኩ ለቬስፓው ተሰጥቷል።

ፎቶው ከወጣ በኋላ ዳኞች ይሰየማሉ። ዳኛ ለመሆን ሞተር መንዳት አያስፈልግም፤ የነዳ ሰው ማወቅ ይበቃል። አንዱ በምስሉ ብቻ «ፍሪሲዮኑ አልቋል» ይላል፣ ሌላው ድምፁን ሳይሰማ «ድምፁ ይነግርሃል» ይላል፣ ሦስተኛው የቦክሰርን የበላይነት ከአፓቼ ጋር አነጻጽሮ ይፈርዳል፤ የቀረበው ሞተር ሊፋን ነው። ይህ ጥበብ ከባድ ጉዳት የደረሰበት በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት በቆየ ጊዜ ነው። ገዢዎች ሞተሩ ወዳለበት ሰፈር በእግራቸው ሄደው፣ ማለዳ ቀዝቅዞ ሳለ ሲሊንደሩን በእጃቸው ነክተው፣ ራሳቸው ረግጠው ለማስነሳት ተገደዱ። ችግሩ ብዙ ሰው ነክቷል፤ ኢንተርኔቱ ሲመለስ ግን ልምዱ ተረሳ፣ ሙያው አንሰራራ።

በዋጋ ረገድ ሕጉ አጭር ነው፤ ዋጋው «በውስጥ መስመር» ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አዲስ የሚገባ ሞተር መወደዱ የሚገርም አልነበረም። የሚገርመው ከዐሥር ዓመት በፊት ገብቶ፣ ቀረጡ ተከፍሎ፣ ሁለት ጊዜ ተገልብጦ የተነሳው ሞተርም «ዶላር ጨመረ» ተብሎ ዋጋው መውጣቱ ነው። ይህን የሚጠይቅ ሰው ምጣኔ ሀብት አልተማረም።

ቀብዱ በቴሌብር ይላካል። ቀብድ ሞተሩን ለገዢው ያስይዛል፤ ለሌሎች አራት ገዢዎችም እንዲሁ። ሻጩ በእምነት የሚኖር ከሆነ ሞተሩ አይሱዙ ላይ ታስሮ ዱርቤቴ ይደርሳል። እዚያ ሲወርድ ገና ይሞቃል፤ «ፀሐዩ ነው» ይባላል። በበነጋው ጠዋት ቀዝቅዞ ሲረገጥ፣ እንደገና ሲረገጥ፣ ካንዴላው ወጥቶ ሲታይ በዘይት ጠቁሮ ሲገኝ ገዢው መካኒክ ይጠራል። መካኒኩ ሞተሩን ይነካል፣ ያዳምጣል፣ ያሸታል። ሲሊንደሩ ሬቲፊካ ገብቶ አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ፒስተን እንደሚያስፈልገው፣ ያም ፒስተን ባሕር ዳር እንደሚገኝ ያስረዳል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዢ የተረከበውን ዕቃ በቶሎ መርምሮ ጉድለቱን ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዝዛል። ገዢው ያስታውቃል፤ ስልኩ ግን ጥሪ አይቀበልም።

የቀረው ወረቀቱ ነው። ተሽከርካሪ የሚመረመረውና የሚመዘገበው በአዋጅ ቁጥር 681/2002 ሲሆን ሊብሬው በባለቤቱ ስም መሆን አለበት። ስም ማዛወር ግን ጊዜና ክፍያ ስለሚጠይቅ ብዙ ሞተር የሚዞረው በውክልና ነው። ሊብሬው ላይ ያለው ስም ከአራት እጅ በፊት የነበረ፣ ምናልባት እንጅባራ የሚኖር፣ ገዢው በዓይኑ አይቶት የማያውቅ ሰው ነው። ውክልና ደግሞ በወካዩ ሞት ይቀራል። ስለዚህ የዱርቤቴው ባለ ሞተር ፒስተኑ ከባሕር ዳር እስኪመጣ ድረስ ሌላ ሥራ አያጣም፤ የማያውቀው ሰው ጉንፋን እንኳ እንዳይነካው ይጸልያል።