ቁልፉ ማን ጋ ነው?

የኮንዶሚኒየም መንደር መንግሥት የሠራው፣ በዕጣ ያከፋፈለው፣ ማን እንደሚያስተዳድረው ግን እስከ ዛሬ ያልለየለት ሰፈር ነው። በምሥራቅ አዲስ አበባ የዚህ ዓይነቱ መንደር በኩር ገርጂ ነው፤ በ1996 ዓ.ም. ገደማ ከጀርመኑ ጂ.ቲ.ዜድ ጋር ለሙከራ የተሠሩት ሕንፃዎች እዚያ ቆመዋል። ከዚያ ሰሚት መጣ፤ አያት፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ ተከተሉ። አብዛኛው ሕንፃ ከምድር ቤት በላይ አራት ፎቅ ነው፤ አሳንሰር የለውም። አሳንሰሩ የቀረው ወጪ ለመቆጠብ ነው። ለፋሲካ በግ የገዛ የአራተኛ ፎቅ ነዋሪ ቁጠባውን በትከሻው ተሸክሞ ይወጣዋል።

ሕጉ በአዋጅ ቁጥር 370/1995 ተቀምጧል። ለባለቤቱ ከበሩ ወደ ውስጥ ያለው የግሉ ነው፤ ደረጃው፣ ጣሪያው፣ ኮሪደሩና ግቢው የሁሉም ነው። የሁሉም የሆነውን ነገር የቤት ባለቤቶች ማኅበር ያስተዳድራል። እስከዚህ ድረስ የሚያከራክር ነገር የለም። የሁሉም የሆነው ነገር ሁሉ ግን በር አለው፤ በሩ ቁልፍ አለው፤ ቁልፉ የሚቀመጠው አንድ ሰው ኪስ ውስጥ ነው። ስለዚህ የመንደሩን አስተዳደር ማጥናት የፈለገ ሰው ቁልፎቹን ተከትሎ ቢሄድ አዋጁን ከማንበብ የበለጠ ይጠቀማል።

መጀመሪያ ግን መንደሩን ማግኘት ያስፈልጋል። ቤቱ ቁጥር አለው፤ በቁጥሩ የሚጠራው ግን ወረዳው ብቻ ነው። እንግዳ የሚመራው በምልክት ነው፤ «ሰሚት ፍየል ቤት ወርደህ»፣ «ከፔፕሲ ከፍ ብለህ» እየተባለ። ሲ.ኤም.ሲ. ስሙን ያገኘው በደርግ ዘመን እዚያ ቤት ከሠራ የጣሊያን ተቋራጭ ነው። ተቋራጩ ሥራውን ጨርሶ ሄደ፤ ሦስት ፊደሎቹ ግን ቀርተው ታክሲ ረዳት ዛሬም ድረስ ይጠራቸዋል። በአካባቢው ይህን ያህል ስሙ የጸናለት የመንግሥት ሹም የለም።

የመንደሩ የመጀመሪያው መንግሥት ወረዳ ነው፤ ታሪኩ ከቀበሌ ይጀምራል። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ነዋሪዎችን በቀበሌ አደራጀ፤ ኪራያቸው በወር ከ100 ብር በታች የነበሩ ቤቶችም በቀበሌው እጅ ገቡ። ቀበሌው አከራይ ሆነ፣ ዳኛ ሆነ፣ ባለሱቅ ሆነ፤ ስኳርም አደለ፣ አብዮትም ጠበቀ። በ1995 ዓ.ም. ከተማዋ በ10 ክፍለ ከተሞች ተሸነሸነች፤ በ2003 ዓ.ም. ቀበሌዎቹ በ116 ወረዳዎች ተተኩ። ሰሌዳው ተቀየረ፤ አፍ ግን አልተቀየረም። ቀበሌ በሌለበት ከተማ ሰው ዛሬም «ቀበሌ ደርሼ ልምጣ» ብሎ ይወጣል፤ የሚገርመው ደርሶም ይመጣል። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ ለሚ ኩራ 11ኛ ክፍለ ከተማ ሆነና በሺዎች የሚቆጠር ነዋሪ አልጋውን ሳያንቀሳቅስ አገር ቀየረ።

የሕዝብ ውክልና አልጎደለም፤ እንዲያውም ተርፏል። በ2000 ዓ.ም. በተደረገው የአካባቢ ምርጫ በመላ አገሪቱ ለውድድር የቀረበው መቀመጫ 3.6 ሚሊዮን ገደማ ነበር። በ1999 ዓ.ም. የተቆጠረው ሕዝብ ወደ 74 ሚሊዮን ስለሆነ፣ ሕፃኑም ሽማግሌውም ተጨምሮ ከሃያ ሰው አንዱ የምክር ቤት አባል ይሆናል ማለት ነው። በዚህ ስሌት አንድ መለስተኛ ሠርግ ላይ ምልዓተ ጉባኤ ሊሟላ ይችል ነበር።

ወረዳ የሚኬድበት ምክንያት ብዙ ነው፤ መታወቂያ ማሳደስ፣ ያላገባ ማስረጃ፣ ሰፈር ለሚቀይር መሸኛ። የሚገኘው መልስ ግን ጥቂት ነው፦ «ሲስተም የለም»፣ «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው»፣ «ማኅተም ያዡ ወጣ ብሏል»። ከሦስቱ የመጨረሻው ጥንታዊ ነው፤ ማኅተም መሳቢያ ውስጥ ይቆለፋል፣ መሳቢያው በሄደ ሰው ቁልፍ ይከፈታል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ውል ለማስመዝገብ አከራይና ተከራይ አንድ ወረፋ ላይ ይቆማሉ። ውሉ ቢያንስ የሁለት ዓመት ነው። ስለ ኪራይ ጭማሪ በስልክ እንጂ ፊት ለፊት ተነጋግረው የማያውቁ ሰዎች አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ሲያወጉ ማየት የአዋጁ ያልታሰበ ፍሬ ነው።

ሁለተኛው መንግሥት የብሎክ ኮሚቴ ነው። ሊቀመንበሩ ብዙውን ጊዜ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ጊዜ አለው፣ ማስታወሻ ደብተር አለው፣ ደረጃ ላይ የወደቀ የሙዝ ልጣጭ ያየ እንደሆነ የማን እንደሆነ ያውቃል። ኮሚቴው የጥበቃና የኮሪደር መብራት ክፍያ ይሰበስባል። የማይከፍለውን ስሙን መግቢያው ላይ ይለጥፋል፤ የተለጠፈውን ስም ዝናብ ያጥበዋል፤ ዕዳው ይቀራል። ጠቅላላ ጉባኤ ይጠራል፤ አይሟላም። የማይሟላበት ምክንያት ግልጽ ነው። ድምፅ ያለው ባለቤቱ ነው፣ ባለቤቱ ደግሞ ቤቱን አከራይቶ፣ በኪራዩ ከዚያ የረከሰ ቤት ሌላ ሰፈር ተከራይቶ ይኖራል፤ እዚያም ስብሰባ ሲጠራ ተከራይ ስለሆነ አይመለከተውም። እንዲህ ዓይነቱ ሰው በሁለት መንደር እየኖረ በአንዱም አይተዳደርም።

ስብሰባው ሲሟላ የሚታየው ክፍፍል የፖለቲካ ሳይንስ መምህር ሊጎበኘው የሚገባ ነው። ሰው የሚለየው በብሔር ወይም በሃይማኖት ሳይሆን በፎቅ ነው። የምድር ቤቱ ወገን ውሃ ቀድሞ ያገኛል፣ ከመስኮቱ ሥር ያለችውን የጋራ መሬት አጥሮ ጎመን ይተክላል፤ በምትኩ የፍሳሽ መስመሩ የሞላ ቀን የአምስት ወለል ኃጢአት ወደ ሳሎኑ ይመጣል። የአራተኛ ፎቁ ወገን ለጣሪያው ቅርብ ነው፤ ዝናብ ሲጥል ይበልጥ ይቀርበዋል። ስለ ፍሳሽ መዋጮ ሲነሳ አራተኛ ፎቅ ዝም ይላል፤ ስለ ጣሪያ ሲነሳ ምድር ቤቱ ስልኩን ያያል። ሁለተኛ ፎቅ ሁለቱም አይደርሱበትምና አስታራቂ ይሆናል። ሊቀመንበር ብዙ ጊዜ ከዚያ የሚመረጠው በጥበቡ አይመስልም።

ወገኖቹን የሚያገናኛቸው ውሃ ብቻ ነው። የለገዳዲ ግድብ ከአያት በስተምሥራቅ ነው፤ የአካባቢው ሰው ይህን በጂኦግራፊ ተምሮ በባልዲ ይረሳዋል። ውሃ በፈረቃ ይመጣል፣ የሚመጣውም ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነው። ያን ጊዜ በብሎኩ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንዲት አጭር መልእክት ትወጣለች፤ «መጣች»። ማን እንደመጣች የሚጠይቅ የለም። መብራት በየመስኮቱ ይበራል፣ ዳይናሞ ይጮኻል፣ ሮቶ ይሞላል። ዳይናሞ ያለው ከሌለው ላይ ስለሚስብ እስከ ንጋት ሌላ መልእክት ይከተላል፤ እሱ ግን አጭር አይሆንም። የጣሪያው በር የተቆለፈ እንደሆነ ደግሞ ከእንቅልፉ የተነሣው ሁሉ በፒጃማና በነጠላ ደረጃው ላይ ተሰልፎ የመንደሩን ዋና ጥያቄ ይጠይቃል፦ «ቁልፉ ማን ጋ ነው?»

የኮሚናሉ ቁልፍ የባሰ ነው። ኮሚናል የሚባለው የጋራ መገልገያ ቤት ነው፤ ፎቅ ላይ በግ ማረድም ድግስ መደገስም ስለማይመች፣ ለዚያና ለለቅሶ ታስቦ ከሕንፃዎቹ መሀል የተሠራ። የሐበሻን ኑሮ አስቦ የተሠራ ነገር በመሆኑ ንድፍ አውጪዎቹ ሊመሰገኑ ይገባል። ያላሰቡት ነገር ባዶ ቤት አዲስ አበባ ውስጥ ባዶ ሆኖ እንደማይቆይ ነው። አንዱ ጋ ሚኒ ማርኬት ይሆናል፣ ሌላው ጋ መዋዕለ ሕፃናት፣ ሦስተኛው ጋ የተሰበረ ወንበር ማከማቻ። በጉም ተመልሶ ደረጃውን ይወጣል።

ሦስተኛው መንግሥት እድር ነው፤ አዋጅ አልወጣለትም፤ ግብሩ ግን በሰዓቱ ይገባል። ለወረዳ የሚጠፋው ጊዜ፣ ለኮሚቴ የሚጠፋው 50 ብር ለእድር ይገኛል። የእድር ዳኛ ሲናገር ሰው ቆቡን ያወልቃል። ከካዛንቺስ ወይም ከአራት ኪሎ ተነሥቶ የመጣ ሰው የድሮ ሰፈሩን እድር ሳይተው የአዲሱንም ስለሚጨምር ሁለት ይከፍላል፤ ሞት አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑን አጥቶት አይደለም፤ ቀባሪ በዝቶ የጎዳው ሰው ስለሌለ ነው። ጡሩምባው ግን ቀርቷል። ፎቅ ላይ ጡሩምባ ቢነፋ የሚሰማው ሁለተኛው ብሎክ ነው፣ የሞተው ደግሞ የራስ ብሎክ ነው። አሁን በስልክ መልእክት ይነገራል።

ሞት ሲመጣ የመንደሩ አስተዳደር በሩብ ሰዓት ይሟላል። ለስምንት ወር የጠፋው የኮሚናል ቁልፍ እሑድ ማለዳ ይገኛል። የእድሩ ጸሐፊ ሦስተኛ ፎቅ ወጥቶ ያንኳኳል፤

«እትዬ፣ ይቅርታ፣ በጠዋት አስቸገርኩዎ። የኮሚናሉ ቁልፍ እርስዎ ጋ ነው እንዴ?»

«ከእኔ ጋር ነው እንጂ ልጄ! ማን ጠየቀኝና?»

ድንኳኑ መኪና ማቆሚያው ላይ ይተከላል፤ መኪናውን አላነሳም የሚል አይገኝም። የምድር ቤቱ ወገን ውሃ ይቀዳል፣ የአራተኛ ፎቁ ወገን ወንበር ያወርዳል፣ ኮሪደሩ ላይ ለሁለት ዓመት ያልተነጋገሩ ሁለት ሰዎች አንድ የሽሮ ድስት በሁለት ጆሮው ይዘው ይመጣሉ። በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ይፈርሳል፣ ወንበር ይቆጠራል፣ አንድ ይጎድላል፣ ክርክሩ ካቆመበት ይቀጥላል።

የሟች ቤተሰብ ለሞት ምዝገባ ወረዳ ሲሄድ ብዙ ጊዜ ከእድሩ የተጻፈ ማስረጃ አምጣ ይባላል። እድሩ በደስታ ይጽፋል፤ ማኅተም አለው። ማኅተሙ ከድንኳኑ፣ ከድስቱና ከጎደለው ወንበር ወንድሞች ጋር በአንድ መጋዘን ይቀመጣል። የመጋዘኑ ቁልፍ የእድሩ ዕቃ ቤት ኃላፊ ጋ ነው፤ እሳቸው ደግሞ በዚያ ሰዓት መታወቂያቸውን ለማሳደስ ወረዳ ወረፋ ይዘዋል።