ያለ እሳት የሚጨስ ዓይን

እህቴ ዛሬ ሚዜ ናት። ሌሊት 11 ሰዓት ተነስታ መስታወት ፊት ተገትራለች። የዓይኗ ቆብ ላይ ቡኒ፣ ቡኒው ላይ ጥቁር፣ ጥቁሩ ላይ ሌላ ጥቁር። እኔ ውሃ ልጠጣ ተነስቼ በሩ ላይ ቀረሁ። አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ ደግሞ በእኛ ቤት ነውር ነው።

«ምነው፣ በሌሊት እርጥብ ባሕር ዛፍ ማገድሽ እንዴ?»

«ስሞኪ አይ ይባላል። አንተ የምታውቀው ጭስ የሚኒባስ ብቻ ነው።»

«እማዬ ስንት ዓመት ኩበት አንድዳ እንጀራ ስትጋግር በነጻ ያገኘችውን አንቺ በገንዘብ ገዛሽው በይኛ!»

«የእማዬ ጭስ ዓይኗ ውስጥ ገባ፣ የእኔ ደጅ ቀረ። የእሷ ያስለቅሳል፤ የእኔ ደግሞ ካለቀሱበት ይጠፋል።»

አንድ ለዜሮ። ውሃውን ትቼ ወንበር ሳብኩ።

«ፊትሽን ሳትቀቢ ከዓይን መጀመር ምን ይባላል? ቤት ከጣሪያ ይሠራል?»

«ሻዶ ዱቄት ነው፤ ይረግፋል። ፋውንዴሽኑን ካስቀደምኩ ጥቁሩ ጉንጬ ላይ ተራግፎ ከሰል ተሸካሚ ያስመስለኛል። ዓይን ይቀድማል፣ የረገፈው ይጠረጋል፣ ከዚያ ፊት። አንተ ጣሪያ ቀለም ስትቀባ ምንጣፉን አንጥፈህ ነው የምትጀምረው?»

«ታዲያ ጥቁሩን አንዴ ለጥፈሽ አትገላገይም? ብሩሹ እኮ እንደ መኪና የዝናብ መጥረጊያ ወዲያ ወዲህ ሲል ሊነጋ ነው!»

«ጥቁር እንደ በርበሬ ነው። ሲያንስ ይጨመራል፣ ሲበዛ ግን ማን ያወጣዋል? ሽፋሽፍቱ ሥር ይጠቁራል፣ ወደ ላይ ሲወጣ ወደ ቡኒ ይሳሳል፣ ቅንድብ ሥር ሳይደርስ ይጠፋል። ከታችም ስስ አድርጎ ማዋሃድ ነው። ጥበቡ ጠርዙን ማጥፋት ነው፤ ጠርዙ ከታየ ስሞኪ ሳይሆን መነጽር ነው።»

«የአያታችን የኩል ብልቃጥ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጦልሽ!»

«ምን እንደተፈጨበት የማላውቀውን? የጥንት ግብፆች ጋሊና የሚባል የእርሳስ ማዕድን እየፈጩ ይኳሉ ነበር፤ ዛሬም እርሳስ ያለበት ኩል ይሸጣል። እርሳስ መርዝ ነው። ‹ልትኳል ሄዳ ዓይኗን አጠፋች› የተባለው ለእኔ እንዲሆን ፈለግህ?»

«ፈርዖን የለመደው አይጎዳሽም።»

«ለነገሩ ግብፅ ውስጥ ወንዱም ይኳል ነበር። አንተ ግን ፊትህን እንኳ ሳትታጠብ ነው ስለ ዓይን የምታወራው።»

እጄ ሳላውቀው ወደ ዓይኔ ሄደ። ነገሩን ወደ ውጭ አገር ማሸሽ ነበረብኝ።

«ይሄ ሁሉ የፈረንጅ ጣጣ ነው! ማጀት የማያውቅ ሕዝብ ጭስ ናፈቀው።»

«የፈረንጁም ከማጀት ነው የወጣው! አሜሪካዊቷ ሜይብል ዊሊያምስ ምድጃ ላይ ሽፋሽፍቷ ቢቃጠል የቡሽ አመድ በቫዝሊን ለውሳ ቀባች ይባላል። ወንድሟ ያንን አይቶ እ.ኤ.አ. በ1915 ሜይቤሊንን አቋቋመ። የሰው ወንድም አይቶ ኩባንያ ይከፍታል፤ የእኔው አይቶ አፉን ይከፍታል!»

ይቺን ለመዋጥ እውነትም ውሃ አስፈለገኝ። ጠጥቼ ተመለስኩ።

«እሺ፣ ሙሽራዋ ስትሰናበት ብታለቅሺስ?»

«ማስካራው ውሃ አይፈራም።»

«ቢፈራስ?»

እናቴ ከማጀት ቀደመችኝ። «ቢፈራማ ጢስ ዓባይን ለማየት ባሕር ዳር ድረስ መሄድ ቀረልን!»

በመጨረሻ አጋዥ መጣልኝ ብዬ ደረቴን ነፋሁ። እህቴ ግን በእናቷ ቀልድ ስቃ ብሩሿን አስቀመጠችና ከከንፈሯ የማይለይ ቀለም አንስታ ስስ አድርጋ አስነካችው። እኔም ደስ አለኝ፣ ክፍተት አገኘሁ።

«ይኸው! ቀለሙ ዓይንሽ ላይ አለቀና ከንፈርሽ ጦሙን አደረ!»

በመስታወቱ ውስጥ በዚያ በሚጨስ ዓይኗ አየችኝ።

«ዓይን በሚናገርበት ቀን አፍ ዝም ይላል። አንተም ሞክረው።»