ከሰል ይዞ ወደ ኮምቶ

የነቀምቴን ሰው ጫካ ላሳይህ ማለት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ከከተማው በየትኛውም በር ቢወጣ አረንጓዴ ይጠብቀዋል፤ ዝናቡም ግንቦት ላይ ከጀመረ እስከ ጥቅምት በቃኝ አያውቅም። ስለዚህ ከአዲስ አበባ የመጣው ወዳጃችን «ኮምቶ ደን ሄደን እንዝናና» ሲል የአገሬው ሰዎች እርስ በርስ ተያየን። ኮምቶ እኮ እዚሁ አፍንጫችን ሥር፣ ዋዩ ቱቃ ወረዳ ውስጥ ነው። ታዲያ ምን አዲስ ነገር ሊያሳየን ነው? (ጊዜው «ጫካ ገባሁ» ያለ ልጅ እናቱን የማያስለቅስበት እንደነበር ይታወቅልኝ።)

እንግዳ አይክፋው ብለን ተስማማን። ዝግጅቱን የያዘችው የሒሳብ ሠራተኛዋ ባልደረባችን ነበረች፤ እሷ ደግሞ የጎደለ ነገር አትወድም። ጮርጮሳ ከነቅቤው፣ አንጮቴ፣ ጥሬ ሥጋ ከነአዋዜው፣ ስኒ ከነረከቦቱ፣ ምንጣፍ፣ ሰፈር የሚቀሰቅስ ስፒከር ተጫነ። በመጨረሻ አንድ ማዳበሪያ ከሰል ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ወጣ። ሹፌሩ ገመዱን እያጠበቀ፣ «ከሰል ከጫካ ወደ ከተማ ሲጫን ነው የማውቀው» ብሎ አጉረመረመ።

ደርሰን ከደኑ ጫፍ ሜዳ ላይ ምንጣፍ አነጠፍን። ወዲያው ሁላችንም ጀርባችንን ለዛፉ፣ ፊታችንን ለሥጋው ሰጠን። እኛ ዘንድ ሽርሽር ማለት የሚበሉበትን ቦታ መቀየር ነው። ዛሬማ እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ አዲስ አበቤው ዛፍ ሥር ለመራመድ ስኒከር ይገዛል አሉ፤ ያኔ ግን ባይኖኩላር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰው ያየነው እንግዳችንን ብቻ ነበር።

እሱው እየጎተተ ወደ ውስጥ አስገባን። የዕፅዋት ተመራማሪዎች ኮምቶ ውስጥ ከ150 የሚበልጡ ዝርያዎችን መዝግበዋል። እንግዳችን «ይሄ ምንድን ነው?» እያለ ሲጠይቅ ግን የእኛ መልስ «ዛፍ ነው» ሆነ። ያዳነን ሹፌሩ ነው። «ይሄ በካኒሳ ነው፣ ብሳና የምትሉት። ያኛው ባደሳ፣ ዶቅማ መሆኑ ነው። ይሄኛው ደግሞ ሆሚ ነው።» ሆሚ ጥቁር እንጨት ነው፤ ቅርፊቱ በውጭ አገር ለፕሮስቴት መድኃኒት መሥሪያ እንደሚፈለግ እንግዳችን አስረዳን። ይህን ጊዜ ሃምሳን የተሻገረው ባልደረባችን፣ እስከዚያ ድረስ «መቼ ነው የምንመለሰው?» ሲል የነበረው፣ ተመልሶ ዛፉን በአክብሮት ዳበስ ዳበስ አደረገው።

ከበላያችን ጉሬዛ ተቀምጧል። ጥቁርና ነጭ ካባውን ደርቦ፣ ረጅም ጭራውን ቁልቁል ለቆ፣ አገጩን ደረቱ ላይ ጥሎ ያየናል። ጉሬዛ ቅጠል በል ነው፤ ቅጠሉን ለመፍጨት ጊዜ ስለሚፈልግ ከቀኑ አብዛኛውን በዕረፍት ያሳልፋል። በዚያ ጫካ የመዝናናትን ሙያ ጠንቅቆ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። የእኛ ስፒከር ሲጮህ አንዴ ዓይኑን ገለጠ፣ መልሶ ከደነ።

ወደ ምንጣፋችን ስንመለስ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

«ማል በርባዱ?» አሉን። ምን ፈልጋችሁ ነው ማለታቸው ነው።

«ምንም አባባ፣ እንዲሁ ልንዝናና ነው።»

«ከብት ጠፍቶባችሁ ነው?»

«ኧረ አይደለም።»

«ማር ልትገዙ ነው?»

«አይደለም አባባ፣ ዛፍ ልናይ ነው።»

ዓይናቸው ባይኖኩላሩ ላይ አረፈ። «እንግዲያው ለኪዎች ናችሁ። ለማን ተሰጠ?»

በሽማግሌው አልፈርድም። ሰው ከከተማ መጥቶ ዛፍ ካየ በኋላ ዛፉ የነበረበት ቦታ እንደነበረ ሲቀር ስንቴ ታይቷል? በየካቲት 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ነው ተብሎ ከታወጀ ወዲህ ሕዝቡን ወክሎ የሚመጣው ሰው ሁልጊዜ ወረቀት ይዞ ነው። ባዶ እጁን መጥቶ «ደስ ይላል» የሚል እንግዳማ ይበልጥ ያስጠረጥራል።

ቁጭ ይበሉ ብለን ቡና አቀረብን። አቦል ጠጡ፣ ቶና ጠጡ፣ በረካ ላይ ጮርጮሳውን አመሰገኑ። ከሐሳባቸው ግን ፍንክች አላሉም።

«እሺ ልጆቼ፣ መደበቃችሁን ተዉትና ስሜን መዝግቡልኝ። ካሳ የመጣ ቀን እንዳልቀር።»

ማልን፣ ተገዘትን። ሽማግሌው በትዕግሥት ሰሙንና ስማቸውን ከነአያታቸው ደገሙልን። በመጨረሻ የሒሳብ ሠራተኛዋ ተሸነፈች፤ ከቦርሳዋ የሥጋ ቤቱን ደረሰኝ አውጥታ ጀርባው ላይ ስማቸውንና ቀኑን ጻፈች፣ ፈረመችም። ተቀብለው ወደ ፀሐይ አንሥተው አገላብጠው አዩት። ፊታቸው አልፈታ አለ።

«ማኅተሙስ?»